ካራ ላይ እጠብቅሻለሁ

አባቴን የዋሸሁት ሐሙስ ጠዋት የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነው። ዓይኑን እያየሁ መዋሸት ስለማልችልበት ወደ ጫማዬ አጎንብሼ፣ «አባ፣ አዲስ አበባ የአንድ ቀን ስልጠና አለኝ» አልኩት። አባቴ ኦቦ ተሬፋ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ ሰበብ ሲሰማ የኖረ ሰው በልጁ ሰበብ አይታለልም። «ቁርስ ሳትቀምሺ?» ብቻ አለኝ። «ይረፍድብኛል» ብዬ ወጣሁ።

ሮሆቦት እባላለሁ። ቤታችን አምቦ ነው፤ ጉደር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ስልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። የምሄደው ገብረአማኑኤል ጋ ነው።

ገብረአማኑኤል አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሊሠራ መጥቶ የእኔን ልብ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እንከን ቢኖረው ኖሮ እስካሁን አገኝለት ነበር፤ ከልቤ ፈልጌአለሁ። ኦሮምኛ ካልተማርኩ ብሎ ሲታገል በጠራራ ፀሐይ «አካም ቡልቴ» እያለ፣ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው፣ የግቢውን ሰው በሳቅ ይገድል ነበር። ሁለት ዓመት ተዋደድን። በእኛ ቤት እሱ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ስሙ አይነሳም፤ በእነሱ ቤት እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ስሜ አይነሳም። ከሦስት ወር በፊት አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሄደ።

እናቱ ወይዘሮ አመለሸጋ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መርካቶ ያለውን የጨርቅ ሱቅ ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሦስት ልጆች ያስተማሩ ሴት ናቸው። ሳያዩኝ፣ ወሬዬን ሰምተው ብቻ፣ «ከጴንጤ ጋር አንድ ማዕድ አልቆርስም» አሉ። ልጃቸው ለመናቸው፣ አኮረፈ፣ ቤት ማምሸት ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀዱለት። «ሐሙስ ለምሳ ትምጣና ልያት። እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ይሄ ወሬ በቤቴ አይነሳም» አሉት። ቃላቸው ቃል ነው፤ መርካቶ ሙሉ ይመሰክራል።

እኛ ቤት ደግሞ እሁድ የቦንሳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቦንሳ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው፣ እምቢ የምልበት ሰበብ የለኝም። ወይዘሮ አመለሸጋ ከተቀበሉኝ ቅዳሜ ሽማግሌ ወደ አምቦ ይልካሉ፤ ቦንሳን ይቀድማሉ። ካልተቀበሉኝ እሁድ አንገቴን ደፍቼ እንግዳ አስተናግዳለሁ። ነገሩ ይሄው ነው።

ረቡዕ ማታ ኔትወርክ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ አንዲት መልእክት ገባችልኝ። «ነገ ካራ ላይ እጠብቅሻለሁ። አይዞሽ» ትላለች። ካራ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ቤታችን ኮተቤ፣ ከካራ ዝቅ ብሎ ነው» ሲለኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። «እሺ» ብዬ መለስኩለት። ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደዚያ ቀን ማታ የተማመንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

*

ከአምቦ የተነሳው ሚኒባስ ጊንጪ ላይ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፤ ሆለታ ላይ ዝናብ ያዘን። ቡራዩን አልፈን አስኮ መናኸሪያ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መንገዱ ቀጥ አለ። መኪና ከመኪና ተነካክቶ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሞተር አጠፋ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ «የቸኮለ እዚሁ ይውረድ፣ መናኸሪያ ለመግባት ምሳ ሰዓት ይሆናል» አለ። እኔ የቸኮልኩ ነኝ። ወረድኩ።

አዲስ አበባ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከአባቴ ኋላ እየተከተልኩ ነው። ብቻዬን ስቆም ከተማው ሁሉ የሚጮህብኝ መሰለኝ። ረዳቶቹ ከታክሲ በር ላይ ተንጠልጥለው «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላሉ። ለምን ይሄን ያህል እንደሚቸኩሉ አይገባኝም፤ ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀሱም። ቀሚሴን ሰብስቤ ኋላ ወንበር ላይ ለሦስት በተሠራው ቦታ አራተኛ ሆኜ ገባሁ። ቀሚሱን ለወይዘሮ አመለሸጋ ብዬ ነበር የተኮስኩት።

የመገናኛ ታክሲ ያለው ከፒያሳ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ ሳትወርጂ እንዳያልፍሽ ተብዬ ተመክሬአለሁ። እኛ አምቦ ባጃጅ ውስጥ መውረድ ስንፈልግ የሹፌሩን ትከሻ ነካ እናደርጋለን፤ ያበቃል። አዲስ አበባ ግን «ወራጅ አለ» ብሎ መጮህ ግድ ነው። ሁሉም ሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር አፈርኩ። በልቤ ስል፣ በልቤ ስል፣ ታክሲው አልፎኝ ሄደ። በመጨረሻ አጠገቤ ያለችው ሴት ፊቴን አይታ፣ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» ብላ ጮኸችልኝ። ወርጄ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ለመገናኛ ታክሲ ሰልፍ የያዘው ሰው ተጠማዞ ጥግ ድረስ ደርሷል።

ከፊቴ ጃንጥላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። «አባባ፣ ለካራ በመገናኛ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«የትኛው ካራ?» አሉኝ። «ካራ ቆሬ በጅማ በር ነው፤ ካራ ደግሞ በኮተቤ ነው። ከተሳሳትሽ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ትለኪያታለሽ።»

«በኮተቤ ያለው ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። አገሩን የማውቅ መሰልኩ እኮ። እሳቸውም «ጎሽ» አሉኝ።

መገናኛ ስደርስ ግን ኩራቴ ሁሉ ጠፋ። ባቡሩ ከላይ ያልፋል፣ አውቶብሱ ከታች ያጓራል፣ ሰዉ ወደ አንድ በር አንድ ላይ ይገፋል። «ካራ፣ ካራ» የሚለውን ድምፅ ተከትዬ ገባሁበት። አንዱ በክርን መታኝ፣ አንዷ እግሬን ረገጠችኝ፣ አንዱ «ይቅርታ እህቴ» እያለ ጎኔ ተለጠፈ። እንዲህ ያለ ጨዋም አለ ለካ ብዬ ነበር። ወንበር ይዤ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለኝ ቦርሳዬን አየሁት፤ ዚፑ ተከፍቷል። ስልኬ የለም። ይቅርታ የጠየቀኝ ለዚያ ነው።

«ስልኬ» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ በሐዘን አየኝ፤ አዲስ አበባ ያልተሰረቀ ሰው የለም መሰለኝ፣ ማንም አልደነቀውም። ረዳቱ ሒሳብ ሳይቀበለኝ አለፈኝ። የገብረአማኑኤል ቁጥር የነበረው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ድሮ አምቦ ሳለ የነበረውን ቁጥር በእንቅልፍ ልቤ እንኳ እላለሁ፤ አዲስ አበባ ሲገባ የቀየረውን ግን በቃሌ አልያዝኩትም። «ግድ የለም፣ ካራ ቆሞ ይጠብቀኛል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ደጋግሜ አልኩት።

*

ካራ ታክሲው የሚያበቃበት ቦታ ነው። ወርጄ ዙሪያዬን አየሁ። ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ ሲዞር ሌላ ሰው ይሆናል። አንዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲስቅ አይቼ በሩጫ መንገድ ተሻገርኩ። ስጠጋው ጥርሱን አሞት ነው።

አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ታክሲ መጣ፣ ታክሲ ሄደ። ከሰንዳፋ በኩል የሚመጡ መኪኖች ጭቃ ረጩብኝ፤ የተኮስኩት ቀሚስ ጠርዙ ቡናማ ሆነ። መጀመሪያ ተጨነቅኩ፤ አንድ ነገር ደርሶበት ይሆን አልኩ። ቀጥሎ ሽማግሌው ያሉኝ መጣብኝ፤ ካራ ቆሬ ማለቱ ቢሆንስ? ተሳስቼ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ለክቻት ቢሆንስ? ግን ቤታቸው ኮተቤ ነው፤ ካራ ቆሬ ምን ይሠራል? ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገባኝ፤ እሱን ለእናንተ ለመናገር እንኳ ያስጠላኛል። እናቱ ፊት ሊያቀርበኝ አፍሮ ይሆናል አልኩ። ጠዋት ሲነሳ፣ እቤታቸው ያለውን ሶፋና ምንጣፍ አይቶ፣ የጉደር ነርስ ምን ልትሠራ ብሎ ይሆናል። ይሄን ሳስብ አለቀሰች አትበሉኝ፤ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ አማርኛዬ ይጠፋብኛል፤ በኦሮምኛ ብቻዬን ማጉረምረም ጀመርኩ።

«ማል ታቴ?» አለችኝ አንዲት ሴት። ምን ሆነሽ ማለቷ ነው። መንገዱ ዳር ከሰል አያይዛ በቆሎ እሸት ትጠብሳለች። ቋንቋዬን ስሰማ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስሟ ጉዴ ነው፤ በኛ ቋንቋ «አዴ»፣ ወይዘሮ፣ አልኳት። ሰው ልትጠብቅ መጥታ ስልኳ የተሰረቀባት እንግዳ መሆኔን ነገርኳት። ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ከመቀነቷ ስልኳን ፈትታ ሰጠችኝ። «ደውዪለት» አለችኝ።

«ቁጥሩን አላውቀውም፣ አዴ ጉዴ።»

«የማንንም?»

«የአባቴን ብቻ ነው በቃሌ የማውቀው።»

«እሱንስ ቢሆን» አለች፤ ምን እንዳለች አላወቀችም።

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰዓቱ ላይ ሰባት አልፏል። አባቴ ጋ ብደውል ጠዋት የዋሸሁት ይወጣል፤ እሁድ የሚመጡት ሽማግሌዎች በሁለት እጅ ይስተናገዳሉ፤ አባቴም ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማል። ባልደውል ግን ታክሲ ይዤ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ፣ አምቦ እመለሳለሁ፤ ስልጠናው እንዴት ነበር ሲለኝ ጥሩ ነበር እላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጥሩ ነበር እያልኩ እኖራለሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ የምፈራው አባቴን አልነበረም። የምፈራው ገብረአማኑኤልን ከልቤ መፈለጌን ጮክ ብዬ መናገር ነው። ቁጥሩን ነካሁ።

አንዴ ሲጠራ አነሳው። «ሄሎ» ሳልል፣ «ሮሆቦት፣ ኤሳ ጂርታ?» አለኝ። የት ነሽ አለኝ። ቁጥሩ የማያውቀው ቁጥር ነው፤ እኔ መሆኔን ግን አወቀ።

«አባ…»

«ደህና ነሽ ወይ? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ።»

«ደህና ነኝ።»

በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ስልጠናው እንዴት ነው?» አለኝ።

ጉዴ በቆሎዋን አገላበጠች። «ስልጠና የለም፣ አባ» አልኩ። «የመጣሁት ገብረአማኑኤል ለሚባል ሰው ነው። እናቱ ሊያዩኝ ነበር። እወደዋለሁ። ዋሽቼሃለሁ።» ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አልኩት። ጨርሼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አውቄአለሁ» አለ።

«ከየት?»

«ልጁ ደወለልኝ። ቁጥሬን ሁለት ዓመት ይዞት እንደኖረ ነገረኝ፤ ‹አንድ ቀን ድፍረት ካገኘህ ደውልለት› ብለሽ የሰጠሽው አንቺ ነሽ አሉ። ሁለት ዓመት ድፍረት አላገኘም። ዛሬ አገኘ። ‹ልጅዎ አልደረሰችም፣ ስልኳ አይሠራም፣ መንገድ ላይ አደጋ ሰምተዋል ወይ› ነው ያለኝ። ድምፁ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። ቢደውል ምን እንደሚመጣበት እያወቀ ደወለ። እሱ ያልዋሸኝን አንቺ ዋሸሽኝ፣ ኢንታላ ኮ።»

ልጄ ሲለኝ ነው የተሰበርኩት።

«አሁን የት ነሽ?» አለኝ።

«ካራ። እሱ ነው ካራ ላይ እጠብቅሻለሁ ያለኝ። የለም።»

«እሱ እኮ ያለው አስኮ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።» ቀጥሎ ጠየቀኝ። «በአፉ ነው ያለሽ ወይስ ጽፎ?»

«ጽፎ።»

አባቴ ሳቀ። እንዲያ ባለ ሰዓት ይስቃል ብዬ አላሰብኩም። «ካራ እኮ መንገድ ነው፣ ልጄ» አለኝ። «በኛ ቋንቋ ካራ መንገድ ነው። ከአምቦ በምትገቢበት መንገድ ላይ እጠብቅሻለሁ ማለቱ ነው። በአፉ ቢልሽ ኖሮ ረዘም አድርጎ ሲጠራው ትለዪው ነበር፤ ሲጻፍ ግን አንድ ናቸው። አንቺ የተሳሳትሽው ልጁ ካራን እንደ ሰፈር ስም የጻፈልሽ መስሎሽ ነው።»

አምቦ ሳለን የምንገናኘው ካራ ላይ ነበር። ቤታችን መምጣት ስለማይችል ዋናው አስፋልት ዳር ይቆማል፤ «ካራ ላይ ነኝ» ይለኛል፤ እኔ ለዳቦ ብዬ እወጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላችን ካራ ማለት መንገድ ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ቋንቋዬን አውልቆ እንደ ካፖርት የሰቀለው መስሎኝ ነበር። ያወለቅኩት እኔ ነኝ።

«የደወልሽበትን ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ይደውልልሽ» አለ አባቴ። «የቀረውን ማታ ቤት እንነጋገራለን።» ድምፁ ውስጥ ሳቁ አልነበረም። ዘጋው። ማታ የሚባለውን ነገር እንደዚያ ፈርቼው አላውቅም።

*

ስልኩን ለጉዴ ሳልመልስ ጮኸ።

«ሮሆቦት» አለ። ስሜን ብቻ።

«ለምን እንደ ሰው በአማርኛ መንገድ ብለህ አትጽፍልኝም ነበር?» ብዬ ተቆጣሁት። ከአንገቴ በላይ ስቆጣ እንባዬ ከታች ይወርዳል። «ከተማዋን ሙሉ ዞርኩ። ስልኬን ተሰረቅኩ። ትተኸኛል ብዬ ስንት ነገር አሰብኩ መሰለህ።»

«በአንቺ ቋንቋ ደስ ይልሻል ብዬ ነዋ» አለኝ። «እናቴ ፊት ስትቀመጪ፣ እኔ በአንቺ በኩል መሆኔን ቀድመሽ እንድታውቂው ብዬ።» ቀጠለ። «ከአምቦ የሚገባውን መኪና ሁሉ በመስኮት እያየሁ ነው የዋልኩት። ከሆለታ ወዲህ መኪና ተገልብጧል የሚል ወሬ ሰማሁ። አባትሽ ጋ የደወልኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ የምፈራው ነገር አልቀረኝም።»

ስልኩ ውስጥ የአስኮ ረዳቶች «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ሲሉ ይሰማኛል።

«ሰዓቱ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ኮንትራት ታክሲ ብይዝ እንኳ እስከ ስምንት አልደርስም፤ መንገዱ ዝግ ነው። ጠዋትም ትንሽ ጨምሪልን ብዬ ለምኛት ነበር። ‹ስምንት› አለችኝ። እንደገና ልለምናት።»

«አትለምናቸው» አልኩት። «ቤቱ የት ነው?»

«ብቻሽን?»

«ከዚህ ድረስም የመጣሁት ብቻዬን ነው።»

ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁለት ጽድ ያለበትን አረንጓዴ የብረት በር ነገረኝ። ሊዘጋ ሲል፣ «እወድሻለሁ» አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ፤ ዳግመኛ ስህተት እንዳይኖር መሰለኝ። ጉዴ የቀሚሴን ጭቃ በእጇ ፈግፈግ አድርጋ፣ «ሂጂ» አለችኝ። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ወይዘሮ አመለሸጋ ናቸው። አጭር ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን በትከሻቸው ጥለው የሱቃቸውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘዋል፤ ሊወጡ ነበር። ከእግሬ ጀምረው አዩኝ። ጭቃው ላይ ቆዩ፤ ፊቴ ላይ ሲደርሱ አልፈጠኑም።

«ስምንት ሊሞላ ነው» አሉ።

«ሳይሞላ ደረስኩ፣ እማማ።»

«ልጄስ?»

«አስኮ ነው። እዚያ ሊቀበለኝ ቆሞ እኔ በሌላ መንገድ መጣሁ።» ካራ መንገድ መሆኑን፣ ካራ ሰፈር መሆኑን ነገርኳቸው። እንደ አባቴ አልሳቁም። ግቢም አላሉኝም። ቁልፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ይሄ የናንተ የልጆቹ ነገር ነው» አሉ። «እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነው። ገብረአማኑኤል ስለ ቤተሰብሽ ስጠይቀው የአባትሽን ስም ብቻ ነግሮኝ አፉን ይይዛል። ከአባቷ ተደብቃ የምትመጣ ልጅ ነገ ከልጄም ትደበቃለች። አባትሽ እዚህ መምጣትሽን ያውቃሉ?»

ጠዋት ቢጠይቁኝ ኖሮ ምን እንደምል አውቃለሁ። ጫማዬን እያየሁ «አዎ» እል ነበር። አሁን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጠዋት ስልጠና ብዬ ዋሽቼው ወጣሁ» አልኩ። «ከአሁን ትንሽ ቀደም ብዬ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። አሁን ያውቃል።»

«ምን አሉሽ?»

«የቀረውን ማታ እንነጋገራለን አለኝ።»

«ውሸታም ነሽ ማለት ነው።»

«ጠዋት ነበርኩ።»

ከንፈራቸው ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ሳቅ ይሁን ንቀት አልለየሁም። ከነጠላቸው ስር ስልካቸውን አወጡና ዘረጉልኝ። «ደውዪላቸው። እኔ ላናግራቸው።»

አባቴ ስለ እኔ ምን እንደሚል አላውቅም። «ልጄን መልሱልኝ» ሊል ይችላል። «እኛም ለኦርቶዶክስ ልጅ አንሰጥም» ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሲል ሰምቼዋለሁ። ቁጥሩን ነክቼ ስልኩን መለስኩላቸውና ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ…» አሉና አቆሙ። «ኦቦ ተሬፋ» ብለው በኛ አጠራር አስተካከሉት። ማን እንዳስተማራቸው አወቅኩ። «አመለሸጋ ነኝ፣ የገብረአማኑኤል እናት… አዎ፣ ደርሳለች… ብቻዋን… እኔም አልፈቀድኩም። እርስዎም እንዳልፈቀዱ ገብቶኛል።»

ከዚያ መስማት ጀመሩ። ብዙ ሰሙ። ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ፊታቸውን እንዳላይ ይሁን ፊቴን እንዳያዩ አላውቅም። ጽዶቹ ስር ወዲያ አሉ፣ ወዲህ አሉ። አንድ ጊዜ «እሱስ ልክ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ «የኔም እንደዚያው ነው፣ ምን ይደረግ» አሉ። ቀጥሎ «አላወቅኩም ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። በመጨረሻ «እሺ፣ ኦቦ። እሺ» ብለው ዘጉት።

ሲዞሩ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«ምን አለዎት?» አልኩ።

«ስለ ሃይማኖት ይነሳ ይሆናል ብዬ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር» አሉ። «አላነሱም። ‹ልጄ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም› ነው የሚሉኝ። ሦስት ጊዜ አሉኝ። የመጨረሻው ላይ ድምፃቸው አልወጣም።» በሩን ከፈት አደረጉት። «እኔም ልጄ ሲዘገይ የማስበው እሱን ነው።»

መንገድ ለቀቁልኝ። ሳሎን ገባሁ። ምግቡ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ቀዝቅዟል። ወይዘሮ አመለሸጋ ጓዳ ገብተው ውሃ በጆግ፣ ከስሩ ሳህን ይዘው ወጡ። ሠራተኛ ነበረቻቸው፤ አልጠሯትም።

«ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ራሳቸው አፈሰሱልኝ። የካራ ጭቃ፣ የጉዴ ከሰል ጥላሸት ከጣቶቼ ላይ ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ጠቆረ፤ ከሱ ጋር እንባዬም ወረደ። አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ ክዳኑን አነሱ፣ በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ እኔ በልቤ እስክጸልይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ገና መንገድ ላይ ነበር። ከአንዱ ትሪ፣ እሳቸው በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ቆረስን። እንደዚያ ቀን ርቦኝ አያውቅም።